በዐይንሽ ጥግ እዪ

አትነሺ፣ ገና ነው። ዐይንሽን ሌንሱ ላይ ካሳረፍሽ ሩብ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ «እዚህ ምንም የለም» ካልሽ፣ የከለከለሽ ችኮላሽ ነው እንጂ ሰማዩ አይደለም። ደብዛዛ የከዋክብት ክምችት ገና ዐይን ሲያርፍበት አይገለጥም። መጀመሪያ ክቡ በሙሉ ጥቁር ሆኖ ይታይሻል። ቀጥሎ ጥቂት ከዋክብት ይለያሉ። ከዚያ በመካከላቸው «አለ ወይስ የለም?» የሚያሰኝ ፈዘዝ ያለ ክብ ነገር ብቅ ብሎ ይጠፋል። የምንፈልገው ያንን ብቅ ብሎ የጠፋውን ነው። ትንፋሽሽን ሰብሰብ አድርገሽ ተመልሶ እስኪመጣ ጠብቂው። አብሽሪ፣ ይመጣል።

ምን እንደምትፈልጊ ካላወቅሽ ትዕግሥቱም አይመጣልሽም፤ ስለዚህ እሱን ልንገርሽ። ግሎቡላር ክላስተር ወይም ሉላዊ ክምችት የሚሉት በስበት ተሳስቦ ድቡልቡል ሆኖ የተሰበሰበ የከዋክብት ክምችት ነው። አንዱ ክምችት በአሥር ሺዎች፣ ሌላው በመቶ ሺዎች፣ ትልቁ ደግሞ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ከዋክብት ይይዛል። በእኛ ጋላክሲ ዙሪያ እስካሁን የታወቁት ከ150 በላይ ናቸው። አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 13 ቢሊዮን ዓመት ይገመታል፤ ምድርና ፀሐይ ገና 4.5 ቢሊዮን ዓመት ቢሆናቸው ነው። በ1918 እ.ኤ.አ. ሃርሎ ሻፕሊ የሚባል አሜሪካዊ የእነዚህን ክምችቶች ርቀት ለክቶ በሰማይ ላይ ሲደረድራቸው፣ አብዛኞቹ ቀውስ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ በኩል ተጠጋግተው አገኛቸው። ከዚያ ተነስቶ ፀሐያችን የጋላክሲው መሃል ላይ እንዳልሆነች፣ ዳር ላይ እንዳለች አሳየ። እና አንቺ አሁን ከከሚሴ ግቢሽ ሆነሽ የምትፈልጊው ደብዛዛ ነገር፣ የሰው ልጅ በጋላክሲው ውስጥ ያለበትን ቦታ ያወቀበት ነው። ለዚህ ነው «ምንም የለም» ብለሽ እንድታልፊው የማልፈልገው።

ቱቦዋ ትንሽ ናት ብለሽ አትዘኚ። ከአረብ አገር በሻንጣ የመጣችልሽ ቴሌስኮፕ መስታወቷ 114 ሚሊ ሜትር ነው። የሰው ዐይን በጨለማ ቢበዛ ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። ስፋቱን አስልተሽ ብታነጻጽሪው፣ መስታወትሽ ዐይንሽ ብቻውን ከሚሰበስበው ብርሃን ከ250 ጊዜ በላይ ይሰበስባል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «525 ጊዜ ያጎላል» የሚለውን ግን እርሺው። የቱቦሽ የትኩረት ርዝመት 900 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ዐይንሽን በምታሳርፊበት በ25 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ (አይፒስ) 36 ጊዜ፣ በ10 ሚሊ ሜትሩ 90 ጊዜ ያጎላል፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልግሽ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ከ200 ጊዜ በላይ ስታጎዪ ምስሉ ይተልቃል እንጂ አይጠራም፤ ደብዛዛው ነገር ደግሞ ያው ብርሃን በሰፊ ቦታ ስለሚበተን ጭራሽ ይጠፋብሻል።

አሁን ዐይንሽን እናዘጋጅ። ከቤት ከወጣሽ በኋላ ቢያንስ 20 ደቂቃ፣ የሚሻለው ግማሽ ሰዓት፣ ብርሃን ሳታዪ ቁጭ በዪ። ስልክሽን አንድ ጊዜ ከፍተሽ ካየሽ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። መብራት የግድ ካስፈለገሽ የእጅ ባትሪሽን በቀይ ፌስታል ደራርበሽ ሸፍኚው፤ ቀይ ብርሃን የጨለማውን ዐይን ብዙም አይጎዳም። የጎረቤት አምፖል ካስቸገረሽ ጥቁር ሻርፕሽን ከራስሽ እስከ አይፒሱ ድረስ ጣል አድርጊው። ደግሞ መብራት የሚጠፋባትን ማታ አታባክኛት። ሰፈሩ ሁሉ ሲጨልም ቱቦሽን ቶሎ አውጪ፤ ለዚህ ሥራ ከዚያ የተሻለ ማታ በከተማ ውስጥ አታገኚም።

ሌላው ዋናው ነገር አስተያየትሽ ነው። የዐይናችን መሃል ለቀንና ለቀለም የተሠራ ነው፤ በጨለማ ደካማ ነው። ለደብዛዛ ብርሃን የተሠሩት ሴሎች የሚበዙት ከመሃሉ ወጣ ብሎ ነው። ስለዚህ ክምችቱን ፊት ለፊት አፍጥጠሽ ካየሽው ይሸሽሻል፤ አጠገቡ ያለ ቦታ ላይ ዐይንሽን ብትተክዪና ልብሽን ብቻ ወደ እሱ ብታደርጊ ይገለጥልሻል። በቀኝ ዐይንሽ ከሆነ የምታዪው ከክምችቱ ወደ ቀኝ፣ በግራ ከሆነ ወደ ግራ ተመልከቺ፤ በተቃራኒው ካደረግሽ የዐይንሽ ዕውር ነጥብ ላይ ልትጥዪው ትችያለሽ። አሁንም ካልታየሽ ቱቦውን በጣትሽ ጫፍ ቀስ ብለሽ መታ መታ አድርጊው። ዐይን በጨለማ የቆመውን ቢስትም የሚንቀሳቀሰውን ይይዛል።

በነገራችን ላይ፣ ሌሎች በጨለማ የሚያዩትን አንቺ ጭራሽ የማታዪ ከሆነ፣ ሲመሽ መንገድ የሚጠፋብሽ ከሆነ፣ እሱ ዳፍንት ነው፤ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተመርመሪ። የጨለማ ሴሎቻችን ያለ ቫይታሚን ኤ አይሠሩም። ጎመኑን፣ ካሮቱን፣ ፓፓያውን አትተዪ።

አሁን ወደ ከሚሴ ሰማይ እንምጣ፤ ከሁሉ በላይ ልነግርሽ የፈለግሁት እዚህ ላይ ነው። የምታገኛቸው የሰማይ መጻሕፍት አብዛኞቹ የተጻፉት ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ሰው ነው። «በመጀመሪያ ኤም 13ን ፈልጉ» ይሉሻል፤ ለእነሱ ከፍ ብሎ የሚታየው ትልቁ እሱ ስለሆነ ነው። አንቺ ግን ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ እንኳ የማትርቂ ሰው ነሽ። ከሉላዊ ክምችቶች ሁሉ ደማቁ ኦሜጋ ሴንታውሪ ከፓሪስና ከለንደን ከአድማስ በላይ ጭራሽ አይወጣም፤ ከከሚሴ ግን ከደቡብ አድማስ 32 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ክንድሽን ዘርግተሽ ጭብጥሽን ብትለኪበት አንዱ ጭብጥ 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሦስት ጭብጥ ማለት ነው። እነዚህን ነገሮች በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መዝግቦ ኤም የሚባለውን ዝርዝር የተወልን ፈረንሳዊው ሻርል መሲዬ፣ ይህን ትልቅ ክምችት ከፓሪስ ሊያየው ስላልቻለ ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባውም። ኤድመንድ ሃሊ በ1677 እ.ኤ.አ. ያየው የደቡብ ሰማይን ከዋክብት ለመመዝገብ እስከ ሴንት ሄሌና ደሴት ድረስ በመርከብ ሄዶ ነው። አንቺ ግቢሽ ውስጥ ወንበር ዘርግተሽ ታዪዋለሽ።

በግንቦት አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ፊትሽን ወደ ሰንበቴ፣ ወደ ደቡብ አዙሪ። ዝቅ ብለው የደቡብ መስቀልን ከዋክብት ታያለሽ፤ ከመስቀሉ በስተግራ ሁለት ደማቅ ከዋክብት አሉ። ከሁለቱ ለመስቀሉ የምትቀርበው ቤታ ሴንታውሪ ናት። ከእሷ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ስትሄጂ ኤፕሲሎን የምትባል ኮከብ አለች። ያንኑ መንገድ ያንኑ ያህል ቀጥዪ፤ ትንሽ የፈዘዘች የምትመስል አንዲት «ኮከብ» ታገኛለሽ። ሰማዩ ጥሩ ከሆነ በባዶ ዐይን ትታያለች፤ ጥንት የሰማይ ካርታ የሠሩትም እንደ ኮከብ ቆጥረዋታል። ኮከብ አይደለችም፤ ኦሜጋ ሴንታውሪ ናት። 17 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀት ላይ ያለ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ የከዋክብት ክምችት ነው። በ25 ሚሊ ሜትሩ ስታዪው የጨረቃን ያህል የሰፋ፣ መሃሉ የደመቀ ብርሃን ነው። ከዚያ ወደ 10 ሚሊ ሜትሩ ቀይሪና ጠብቂ። ትንሽ ቆይቶ ብርሃኑ መፈልፈል ይጀምራል፤ እፍኝ ነጭ ጤፍ ጥቁር ጨርቅ ላይ እንደተበተነ፣ እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ፀሐይ ሆና ትለያለች። በ2024 እ.ኤ.አ. በሀብል ቴሌስኮፕ ከ20 ዓመት በላይ የተነሱ ምስሎችን ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች፣ መሃሉ ላይ ከፀሐይ ቢያንስ 8,200 ጊዜ የሚከብድ ጥቁር ጉድጓድ እንዳለ የሚያመለክት ማስረጃ አግኝተዋል። ከኦሜጋ ሴንታውሪ ጀምሪ የምልሽ ዐይንሽ ሉላዊ ክምችት ምን እንደሚመስል አንዴ ጠግቦ እንዲያውቅ ነው። ያወቀ ዐይን ደብዛዛውንም ይለያል።

ከዚያ ወደ አቅራብ፣ ወደ ጊንጡ የከዋክብት ስብስብ ነይ። የጊንጡ ልብ ቀይዋ አንታሬስ ናት። ከእሷ ወደ ምዕራብ ከአንድ ዲግሪ ጥቂት አለፍ ብሎ ኤም 4 አለ። ከቅርቦቹ አንዱ ነው፣ 6 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል። መጽሐፉ የድምቀት ቁጥሩን 5.6 ይልሻል፤ ይህ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ነገሩ ይደበዝዛል። ከአንታሬስ ወደ ጊንጡ ግንባር፣ ወደ አክራብ ኮከብ ስትሄጂ መሃል መንገድ ላይ ደግሞ ኤም 80 አለ፤ ቁጥሩ 7.3 ነው። በቁጥሩ ካመንሽ ኤም 4 በብዙ መብለጥ ነበረበት። ግን አየሩ አቧራ ባለበት ማታ ሁለቱን ተራ በተራ ፈልጊ፤ መጀመሪያ የምታገኚው ኤም 80ን ነው። ቁጥሩ የሚነግርሽ ብርሃኑ በሙሉ አንድ ነጥብ ላይ ቢሰበሰብ ምን ያህል እንደሚደምቅ ነው። ኤም 4 ብርሃኑን በሰፊ ቦታ በትኖታል፤ ኤም 80 ግን ሰብስቦ ይዞታል። ስለዚህ አንድ ክምችት ሲያቅትሽ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ስፋቱንም እዪ። ኤም 4 ጥሩ ሰማይ ላይ ሲገለጥልሽ ደግሞ መሃሉን አቋርጦ የሚያልፍ የከዋክብት መስመር ፈልጊ። መሲዬ ከመዘገባቸው ሉላዊ ክምችቶች ከዋክብታቸውን ለይቶ ያየው የዚህን የአንዱን ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ኮከብ የሌለበት ደመና አድርጎ ነው የጻፋቸው። የተማረ፣ ሥራዬ ብሎ በየማታው የሚያይ ሰው በትንሽ ቱቦ ያየው ይህን ያህል ነው። አንቺም ደመና ብቻ ብታዪ ሥራሽ ጎደሎ አይደለም።

አሁን ደካማዋን እንሞክር፤ ለዚህች ነው ያ ሁሉ ዝግጅት። ግንቦት ላይ አናትሽ አካባቢ ብርቱካንማዋን ደማቅ ኮከብ አርክቱረስን ታገኛለሽ። ከእሷ ወደ ምዕራብ አንድ ጭብጥ ተኩል ስትሄጂ ኤም 53 አለ፤ ቁጥሩ 7.6፣ ትንሽ፣ ክብ፣ መሃሉ የደመቀ። እሱ አያስቸግርሽም። ጎረቤቱ፣ በሌላ ዝርዝር ኤንጂሲ 5053 የምትባለው ናት ፈታኟ። ቁጥሯ 9.5 ገደማ ነው፤ ከዋክብቷ ጥቂት፣ ብርሃኗ የተበተነ፣ መሃሏም የማይደምቅ። ሁለቱም ከ50 ሺህ የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃሉ። አንድ ዘዴ ልስጥሽ፦ ኤም 53ን በ25 ሚሊ ሜትሩ የክቡ መሃል ላይ አድርጊና እጅሽን ከቱቦው አንሺ። ምድር እየዞረች ስለሆነ ሰማዩ በአይፒስሽ ውስጥ በራሱ ይነዳል። ኤም 53 ወደ ምዕራብ ተንሸራትቶ ይወጣል፤ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ከጠበቅሽ ኤንጂሲ 5053 ራሷ ተነድታ ትመጣልሻለች፣ ከመሃሉ ግማሽ ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ገባ ብላ። መፈለግ የለብሽም፤ መጠበቅ ብቻ። ደግሞ እየተንቀሳቀሰች ስለምትመጣ ዐይንሽ ለመያዝ ይቀለዋል። የምታዪው ከዙሪያዋ ጥቁረት ትንሽ የሳሳ ቦታ ነው፤ ከዚያ በላይ አትጠብቂ። ጨረቃ ካለች፣ አየሩ ከደፈረሰ፣ አትታይሽም። አላየሁም ማለትም መልስ ነው።

ደብተር ያዢ። የኢትዮጵያን ቀን፣ ሰዓቱን፣ ጨረቃ ስንት እንደሆነች፣ አይፒሱን፣ ያየሽውን ጻፊ። ክብ ሳዪና ከዋክብቱን በእርሳስ ነጥብ፣ ደብዛዛውን በጣትሽ እያሸሽ አስቀምጪ። የሀብልን ፎቶ አስቀድመሽ አትመልከቺ፤ ዐይን ያነበበውን አየሁ ይላል፣ ከዚያ ያየሽው የራስሽ ይሁን የፎቶው መለየት ያቅትሻል። እየሳልሽ ስታዪ ደግሞ ሳታስቢው ረጅም ሰዓት ትቆያለሽ፤ ቆይታው ነው የሚያሳይሽ። ለመጻፍ ስትዪ ብርሃን አብርተሽ ዐይንሽን እንዳታጠፊ፣ እኔ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ የምትነግሪኝን እጽፋለሁ። የከዋክብቱን ደመና በትልቅ ቴሌስኮፕ ፈልፍሎ ያሳየው ዊሊያም ሄርሸል፣ ያየውን እየተናገረ እህቱ ካሮሊን ነበረች የምትጽፍለት። እሷ ኋላ በራሷ ቴሌስኮፕ ጅራታም ከዋክብት አግኝታ ስሟን አስጠርታለች።

ሌላም ሴት ልንገርሽ፣ ስሟን እንድትይዢው እፈልጋለሁ። ሄለን ሶየር ሆግ ትባላለች፤ በ1905 እ.ኤ.አ. ተወልዳ በ1993 ነው ያረፈችው። ዕድሜዋን ሙሉ በሉላዊ ክምችቶች ውስጥ ብርሃናቸው የሚጨምርና የሚቀንስ ከዋክብትን አጥንታለች። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ካናዳ ቪክቶሪያ ወደሚገኘው የሰማይ መመልከቻ ከባሏ ጋር ስትሄድ ሥራ የተሰጠው ለእሱ ነው፤ እሷ ያለ ደመወዝ ረዳት ሆና ገባች። ልጅ ስትወልድ ሥራውን አልተወችም፤ ሕፃኗ በቅርጫት ተኝታ እሷ በዚያው በመመልከቻው ውስጥ ክምችቶቹን ፎቶ ታነሳ ነበር። የክምችቶቹን ተለዋዋጭ ከዋክብት ዝርዝር ደጋግማ አሳትማለች፣ ኋላም ለሠላሳ ዓመት በቶሮንቶ ጋዜጣ ላይ ስለ ከዋክብት ለተራው ሰው ጽፋለች። «ሴት ልጅ በሌሊት ደጅ ምን ትሠራለች?» ለሚልሽ ሰው ይህን ንገሪው። በቁጣ አይደለም፤ አስረጂው።

ግን ሌሊት ላይ ተጠንቀቂ፣ ይህን ስልሽ ከልቤ ነው። አገሩ ችግር አይቷል፤ ሰው ደንግጦ ነው የሚያድረው። በጨለማ ሰገነት ላይ ረጅም ቱቦ ይዞ የሚንቀሳቀስ ሰው ሌላ ነገር ሊመስል ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዋ ማታ ደብዛዛ ክምችት አትፈልጊ። ጎረቤቶችን ሁሉ ጥሪና ጨረቃን አሳዪያቸው፤ አባቶችን በክብር አስቀድሚ፣ ሕፃናቱን ወንበር ላይ አቁሚ። ያዩት ነገር አያስፈራቸውም። ለቀበሌውም በቀን ሄደሽ ንገሪ። ከግቢሽ ብቻሽን አትውጪ፤ ከከተማው ዳር ጅብ አለ። ወባውንም አትርሺ፤ ከሚሴ ቆላ ናት፣ የጨፋ ረግረግም ቅርብ ነው። እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስና ካልሲ ልበሺ፤ የትንኝ ቅባት ከተቀባሽ በዚያ እጅሽ አይፒሱን አትንኪ፣ የሌንሱን ሽፋን ያበላሻል። ቱቦውን ደግሞ በቀን ወደ ፀሐይ ጭራሽ አታዙሪ። ሰኔ 14፣ 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት የሆነችበትንና እኛም በከፊል ተሸፍና ያየናትን ቀን ታስታውሺያለሽ፤ ያኔ የዐይን መከላከያ የለበስነው ያለ ቴሌስኮፕ ለማየት ነው። በቴሌስኮፕ ከሆነ ዐይን በቅጽበት ይጠፋል።

መቆሚያው እየተንቀጠቀጠ ካስቸገረሽ መሃሉ ላይ ውኃ የሞላ ጀሪካን አንጠልጥዪበት። ከቆርቆሮ ጣሪያ በላይ አታነጣጥሪ፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ሲተፋ ምስሉን ያርገበግበዋል። መስታወቱ አቧራ ቢይዝ አትጥረጊው፤ ከአቧራው ይልቅ ጭረቱ ይጎዳዋል።

መቼ ልይ ላልሽው፣ ጥሩ ሰማይ የምታገኚው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው። የክረምቱን ደመና ተዪው። በበጋ አቧራና ጭስ ቢያስቸግርሽም፣ በበልግ ዝናብ ማግስት አየሩ ሲታጠብ እንደዚያ ያለ ማታ የለም። በጥቅምት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ኤም 15 ልክ አናትሽ ላይ ያልፋል፤ ኤም 2 ከሱ ወደ ደቡብ ነው። በጥር ከኦሪዮን በታች ኤም 79 አለ፣ የበጋ እንግዳ። ሰሜኑን ለኮምቦልቻ መብራት ተዪለት፤ ለእኛ የሚጠቅመው ደቡቡ ነው፣ እሱም ደግሞ የጨለመ ነው።

ጨረቃን ግን ከማንም በላይ እናውቃታለን፤ ይህን እንደ ትልቅ ሀብት ቁጠሪው። ሌላ አገር ያለ ተመልካች የጨረቃን ዕድሜ ከመተግበሪያ ነው የሚፈልገው። እኛ ቤት የሂጅራውን ቀን የማያውቅ የለም፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ደግሞ አበቅቴውን ቆጥረው ያውቁታል። ወሩ ከ20 ካለፈ በኋላ ምሽቱ ጨለማ ነው፤ እስከ 10 ድረስ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ጨለማ ነው። አሁን ረመዳን በሚገባባቸው በነዚህ ዓመታት፣ በጥርና በየካቲት አካባቢ፣ በመጀመሪያዎቹ አሥር ሌሊቶች ለሱሁር ስትነሺ ሰማዩ ያለ ጨረቃ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ኦሜጋ ሴንታውሪ ልክ በደቡብ፣ ከፍ ብላ ትጠብቅሻለች፤ አቅራብ በደቡብ ምሥራቅ ወጥቷል፣ ኤም 4ና ኤም 80 አብረውት። ቤቱ ሁሉ ነቅቷል፣ ብቻሽን አይደለሽም፤ እማንም እዚያው ጥሪያት። ሱሁሩ ሳይደርስ ሩብ ሰዓት ቀደም ብለሽ ውጪና ዐይንሽን ጨለማ አስለምጂ።

ብቻሽን የጀመርሽው ነገር እንዳይመስልሽ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ኮረብታ፣ መስታወታቸው 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ቆመዋል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም አቀፍ ውድድር አንዲት ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያዋ የምትዞረው ፕላኔት «አቦል» ተብለው በኛ ስም ተሰይመዋል። ቡና አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ በኩል ናት፤ ቁጥሯ 7.3 ገደማ ስለሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት በቱቦሽ ማየት ትችያለሽ። ክምችት አይደለችም፣ አንዲት ኮከብ ናት፤ ግን ፈልገሽ ደብተርሽ ላይ አስፍሪያት።

ለሰው ስታሳዪ ደግሞ ደካማዋን አታሳዪ። ኤንጂሲ 5053ን ያየ ጎረቤት «ምኑ ነው?» ብሎ ይሄዳል፤ እሷ ለለመደ ዐይን ናት። ለእንግዳ ኦሜጋንና ጨረቃን አሳዪ። ደካማዎቹን ለራስሽ ያዣቸው።

በሚቀጥለው ወር ጨረቃዋ ከ20 ስታልፍ፣ ግንቦት ካላለቀ፣ ሚዛን በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ኤንጂሲ 5897ን እንፈልጋለን። ከአዮታ ኮከብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሁለት ዲግሪ የማይሞላ ነው፤ ቁጥሩ 8.5፣ ስፋቱ ግን ትልቅ፣ ብርሃኑ ሳሳ ያለ። ከኤም 4 የተማርሽውን አስታውሺ፦ ቁጥሩ አያታልልሽ። 25 ሚሊ ሜትሩን ብቻ ተጠቀሚ፣ 10 ሚሊ ሜትሩን ከኪስሽ አታውጪው።